ወረቀት ያልገባበት ታይፕ

እትዬ ጥሩወርቅ የእናቴን ጫማ ሲሰርቁ በዓይኔ አይቻለሁ። ያኔ ዐሥር ዓመት ቢሆነኝ ነው። ጠዋት ነበር፤ የደብረ ታቦር ብርድ አፍንጫ ይቆነጥጣል። እኔ ፊቴን ልታጠብ ደጅ ወጥቼ ውኃውን በአንድ ጣቴ እየነካሁ እጄን እመልሳለሁ። እሳቸው የቤታችንን በር ገፋ አድርገው ገቡ፤ ጎንበስ ብለው ከአልጋው ሥር የእናቴን ጥቁር የሥራ ጫማ አወጡ፤ በፌስታል ጠቀለሉት፤ ከጋቢያቸው ሥር ሸጉጠው ወጡ። እኔን ሲያዩኝ ደንገጥ እንኳ አላሉም።

"ታጠብሽ ሙሉዬ?"

"አዎ።"

"ውሸታም! ጆሮሽ ሥር እኮ ገብስ ይዘራበታል" አሉና ወደ ሥራቸው ሄዱ።

እንግዲህ ፍረዱኝ። ጫማ የሰረቁት እሳቸው፣ ውሸታም የተባልኩት እኔ።

እናቴ ዘነበች በዚያ ሰሞን እቤት አልነበረችም። ሐሙሲት ዘመድ ልትጠይቅ ሄዳለች ተብዬ፣ የምበላውም የማድረውም እሳቸው ዘንድ ነበር። የእኛና የእሳቸው ቤት የሚለየው በአንድ የጭቃ ግድግዳ ነው። ሥራቸው ግን በምንም አይለይም፤ ሁለቱም የአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስቶች ነበሩ፣ ያውም በአንድ ክፍል። ጠዋት አብረው ይወጣሉ፣ ማታ አብረው ይገባሉ፤ ውሎአቸው አልበቃ ብሏቸው ደግሞ ከገቡ በኋላ በግድግዳው በኩል ያወራሉ። ግድግዳው ላይ ጭቃው የረገፈበት አንድ ቀዳዳ ነበር፤ ጨውና ክብሪት በዚያ ይቀባበላሉ። አባቴ ሞቶብናል። የቤታችን ኑሮ የተንጠለጠለው በእናቴ ጣቶች ላይ ነበር። "እኔ የምበላው በጣቴ ነው፣ እንደ ማንኛውም ሰው" ትልና ትስቃለች።

በዚያ ዓመት ነው መሥሪያ ቤታቸው ኮምፒውተር የመጣለት። ኮምፒውተር ለከተማችን ብርቅ በነበረበት ዘመን ስለሆነ፣ ከባሕር ዳር እንደ ሙሽራ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ መጣ። ለእሱ ሲባል የታይፒስቶቹ ክፍል ታጠበ፣ ምንጣፍ ተነጠፈ፣ መጋረጃ ተሰቀለ። ማሽኑ ዳር ዳሩ የተጠለፈ ነጭ ጨርቅ ለበሰ። አቧራ ይገድለዋል ስለተባለ፣ ጫማ ሳያወልቁ መግባት ተከለከለ። ባለጉዳዩ ደጃፉ ላይ ሲደርስ ጫማውን ያወልቅና፣ ያን ነጭ ጨርቅ ሲያይ ሳያስበው ያማትባል። አትሳቁ፤ እኔም አማትቤያለሁ።

ይህ ሕግ የከበዳቸው ኃላፊው አቶ ደሞዜ ናቸው። አቶ ደሞዜ ማሰሪያው የማያልቅ ከስክስ ጫማ ነበር የሚያደርጉት። ፈትተው እስኪገቡ፣ አስረው እስኪወጡ ግማሽ ቀን ያልፋል። ስለዚህ መግባቱን ተዉትና በጆሯቸው መቆጣጠር ጀመሩ። ቢሯቸው ከጎን ነው። የታይፑ ድምፅ ሲቋረጥ ግድግዳውን በእርሳስ ኳ ኳ ያደርጋሉ። በኮሪደሩ ሲያልፉ ደግሞ ወደ ደጃፉ መለስ ብለው ያያሉ፤ ሁለት ጥንድ ጫማ ካለ፣ ሁለት ሰው ሥራ ላይ ነው።

ኮምፒውተሩን ሊያሠለጥን የመጣው ፋሲል የሚባል፣ ፀጉሩን በቅባት ያስተኛ ወጣት ነበር። ትምህርት ቤት የጠዋት ፈረቃ ስለነበርኩ፣ ከሰዓት በኋላ እናቴ ዘንድ ሄጄ ምንጣፉ ላይ እቀመጣለሁ። ፋሲል ሲያስተምር የሰማሁት እንዲህ ተቀምጬ ነው።

"ማውሱን ለመያዝ እጅዎን ከፊደሉ ላይ ባነሡ ቁጥር ጊዜ ይባክናል" ይላል። "ግራ ትንሿ ጣትዎ ኮንትሮል የምትለዋን ትያዝ። እሷን እንደያዙ ሲን ሲነኩ ይቀዳል፤ ቪን ሲነኩ ይለጠፋል። ኤ የምትለዋን ከነኩ ጽሑፉ በሙሉ ይመረጣል። ዜድ የተሳሳቱትን ይመልሳል። ኤች ደግሞ አንዱን ቃል ካለበት ሁሉ ለቅሞ በሌላ ይተካል። ኤስን ቶሎ ቶሎ ይንኩ፤ መብራት ሳይሄድብዎ ያስቀምጥልዎታል።"

"ሁሉን ጣቴ ከሠራው ማውሱ ምን ሊሠራ ነው ታዲያ?" አሉ እትዬ ጥሩወርቅ።

"እሱም ያውቅበታል። ቃሉ ላይ ሁለት ጊዜ ጠቅ ጠቅ ካደረጉ ቃሉን ይመርጣል፤ ሦስት ጊዜ ካደረጉ አንቀጹን በሙሉ።"

"አራት ጊዜስ?"

"አራት ጊዜ ካደረጉ እኔ ተናድጄ ባሕር ዳር እገባለሁ።"

እናቴ ተራዋ ደርሶ ማውሱን ያዘች። ጣቶቿ አልዘረጋ አሏት። ማውሱ ከእጇ አመለጠና ከጠረጴዛው ወድቆ በገመዱ ተንጠለጠለ። ፋሲል ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። እትዬ ጥሩወርቅ ብድግ ብለው ማውሱን አነሡና፣ "ተዋት ይቺን ገጠሬ፤ እሷ ታይፗ ይሻላታል" አሉ። እናቴ ወደ ታይፗ ተመለሰች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኮምፒውተሩ የእትዬ ጥሩወርቅ፣ ታይፑ የእናቴ ሆነ። በልጅ ልቤ እትዬ ጥሩወርቅን የያዝኩባቸው የመጀመሪያው ቂም ይኸው ነው፤ እናቴን በሰው ፊት አዋረዷት ብዬ።

የእናቴ ጣቶች ግን ከዚያ በፊትም ታመው ነበር። ዕድሜ ልኳን ብረት ስትቀጠቅጥ የኖረች ሴት ናት፤ ጠዋት ጠዋት ጣቶቿ እንደ ዶሮ እግር ተኮራምተው ነበር የሚነሡት። የዩኒፎርሜን ቁልፍ የሚቆልፉልኝ እትዬ ጥሩወርቅ ነበሩ፤ እኔ ደግሞ እናቴ ሰንፋ ይመስለኝ ነበር። ጣቷ የማይታዘዝላት ታይፒስት ምን ሥራ አላት? ያን ቀን እትዬ ጥሩወርቅ በቀልድ የሸፈኑት የእናቴን እጅ ነው። ይህን ዛሬ እንደ ቀላል ነገር እጽፈዋለሁ እንጂ፣ ያኔ ማን ነግሮኝ?

እትዬ ጥሩወርቅን ደግሞ ኮምፒውተሩ ለከፋቸው። ማኅበር ላይ ተቀምጠው ጣታቸው ጉልበታቸው ላይ ይሮጣል። ቅዳሴ ቆመው እንኳ ግራ ትንሿ ጣታቸው የነጠላቸውን ጥለት ጫን ስታደርግ፣ ሌላዋ ጣት ነካ ስታደርግ አይቻለሁ፤ ቄሱ እግዚኦ ሲሉ እሳቸው ይቀዳሉ፣ ይለጥፋሉ። ቀን ሙሉ ይፈጅ የነበረውን ሥራ ከምሳ በፊት መጨረስ ጀመሩ።

አንድ ምሽት፣ ራቴን ስበላ፣ በዚያ ቀዳዳ በኩል ሲንሾካሾኩ ሰማሁ።

"ፈቃድሽ አልቋል አልሽ?" ይላሉ እትዬ ጥሩወርቅ።

"አልቋል። ታመምኩ ብዬ ብነግራቸው ደግሞ እጅሽን አሳዪ ይሉኛል።"

"እንግዲያ ሁሉንም ለእኔ ተዪልኝ።"

"ሁሉንም?"

"ሁሉንም አልኩሽ እኮ ዘነበች።"

በማግሥቱ እናቴ ጉዞዋን ወደ ሐሙሲት አደረገች። እኔ የገባኝ፣ እትዬ ጥሩወርቅ የእናቴን ሁሉ ነገር መጠየቃቸውና እናቴ እሺ ማለቷ ነው። ለዚህ ነው የጫማው ነገር ብዙም ያልደነቀኝ።

ሆኖም ሌባን ተከታትሎ መያዝ ስለሚገባ፣ ከትምህርት ቤት ስወጣ በቀጥታ ወደ መሥሪያ ቤቱ ሄድኩ። የእናቴ ጥቁር ጫማ ከእትዬ ጥሩወርቅ ቡናማ ጫማ ጎን ደጃፉ ላይ ተሰልፏል። አንድ ሰው ሁለት ጥንድ ጫማ እንዴት አድርጎ አውልቆ ገባ? ብዬ ቆምኩ። ከውስጥ የታይፕ ድምፅ ይንጣጣል። በሩን ገርበብ አድርጌ አጮለቅሁ። ኮምፒውተሩ ሥራውን ጨርሶ ነጭ ጨርቁን ለብሷል፤ የታተመው ወረቀት ሁሉ ተደርድሮ ጎኑ ተቀምጧል። እትዬ ጥሩወርቅ በእናቴ ወንበር ላይ ናቸው። በግራ እጃቸው ቆሎ ይቆረጥማሉ፣ በቀኝ እጃቸው የእናቴን ታይፕ ይቀጠቅጣሉ፤ ጢንግ ሲል ይመልሱትና እንደገና ይቀጠቅጣሉ። ታይፑ ላይ ግን ወረቀት የለም። ፊደሎቹ ጥቁሩን ጎማ ብቻ ነው የሚመቱት።

"እትዬ፣ የእማዬን ታይፕ ለምን ይመቱታል?"

"እንዳይዝግ።"

"ወረቀት እኮ የለውም።"

"ዝገት ወረቀት ይወዳል ያለሽ ማን ነው? ነይ ቆሎ ውሰጂ፤ ድምፅሽንም ዝቅ አድርጊ።"

ቆሎውን አልፈልግም አልኩ። ትንሽ ቆይቼ ግን በላሁ፤ ጥላቻዬ ረሃብን እስኪያሸንፍ ገና አልጠነከረም ነበር። እየበላሁ ግን በልቤ ቆጠርኩባቸው፤ ጫማዋን ወሰዱ፣ ወንበሯን ወሰዱ፣ አሁን ደግሞ ታይፗን እየሰበሩ ነው።

ለካ እናቴ ሐሙሲት ዘመድ የላትም። የሄደችው ወንዛዬ ፍል ውኃ፣ እጇን ልትዘፍቅ ነው፤ ሁለት ሱባኤ ብነከር ይፈታልኛል ብላ። እትዬ ጥሩወርቅ በአቋራጭ ቁልፎቹ የሁለቱንም ሥራ እየጨረሱ፣ ለአቶ ደሞዜም "ዘነበች ትመታለች፣ እኔ በኮምፒውተር አሳምራለሁ" እያሉ፣ ያተረፉትን ጊዜ ደግሞ በባዶ ታይፕ ላይ ያፈሱት ነበር። ለአቶ ደሞዜ ዓይን ጫማ፣ ለጆሯቸው ድምፅ።

እናቴ ልትመለስ ጥቂት ቀን ሲቀራት ፋሲል ከባሕር ዳር መጣ። የሥልጠናውን ውጤት አያለሁ ብሎ ከየመሥሪያ ቤቱ ታይፒስቶችን በዚያች ክፍል ሰበሰበ። ደጃፉ በጫማ፣ ክፍሉ በሰው ተሞላ፤ በግርግሩ የእናቴን አለመኖር ልብ ያለ የለም። ያን ቀን አቶ ደሞዜ እንኳ ከስክሳቸውን ፈትተው ገቡ። እኔ በሩ ሥር ነበርኩ።

ፋሲል አንድ ረጅም ሰርኩላር ለሁሉም ሰጠ። በውስጡ ያለው የድሮ የመሥሪያ ቤት ስም ከየቦታው ወጥቶ በአዲስ ይተካ፣ የመጨረሻው አንቀጽ ወደ መጀመሪያው ይምጣ አለ። ተራ በተራ ተቀመጡ። እሱ ሰዓት ይይዛል። የሌሎቹ እጅ ከፊደሉ ወደ ማውሱ፣ ከማውሱ ወደ ፊደሉ ሲመላለስ ይውላል፤ ስሙን አንድ በአንድ እየፈለጉ፣ እየሰረዙ፣ እየጻፉ።

እትዬ ጥሩወርቅ መጨረሻ ተቀመጡ። ወደ እናቴ ወንበር መለስ ብለው አዩ። ከዚያ ማውሱን ያዙ። እሳቸው፣ ማውስ! ቀስ ብለው ያንቀሳቅሱታል፣ ስሙን ይፈልጉታል፣ እንደ ጀማሪ ጠቅ ያደርጋሉ።

"ምነው እትዬ፣ ያስተማርኩዎት ሁሉ ጠፋብዎ?" አለ ፋሲል።

"እሳቸው ታይፑ ይሻላቸዋል" አለች ከሌላ መሥሪያ ቤት የመጣች አንዲት ወጣት፤ ክፍሉ በሳቅ ተናጋ።

የእትዬ ጥሩወርቅ አንገት ቀላ። ማውሱን በክርናቸው ገፋ አደረጉት። ግራ ትንሿ ጣታቸው ወረደች። ከዚያ ወዲያ ጣታቸውን ማየት አልቻልኩም። ሳቁ ሳያልቅ ሥራው አለቀ።

ጭብጨባው መስኮቱን ነቀነቀው። ፋሲል በኩራት አቶ ደሞዜን፣ "ይመልከቱ! የሁለት ሰው ሥራ በአንድ ሰው! ከእንግዲህ እኮ ሌላ ታይፒስት አያስፈልግዎትም" አላቸው። ክፋት አልነበረውም፤ ያስተማራቸውን ሴት ማመስገኑ ነበር። እትዬ ጥሩወርቅ እየሳቁ ነበር። ሳቃቸው ፊታቸው ላይ እንዳለ እንባቸው መጣ። "እንኳን ደስ ያለሽ!" እያሉ ሌሎቹ ታይፒስቶች አገላብጠው ሳሟቸው። እኔም የደስታ እንባ ነው ብዬ ተናደድኩ።

ሰው ሁሉ ወጥቶ ጫማውን እያጠለቀ ሄደ። እትዬ ጥሩወርቅም ቡናማ ጫማቸውን አደረጉ። አቶ ደሞዜ ግን ደረጃው ላይ ተቀምጠው ማሰሪያቸውን ገና ያስራሉ። ያ ጫማ ቶሎ የሚታሰር ቢሆን ኖሮ ቀድመው በሄዱ ነበር። አንዱን አስረው ሌላውን ሲጀምሩ ቀና አሉ። ከጎናቸው አንድ ጥንድ ጥቁር የሴት ጫማ ብቻውን ቀርቷል።

"የዘነበች አይደለም እንዴ? እሷስ የታለች?"

"ሽንት ቤት ሄዳ ነው" አሉ እትዬ ጥሩወርቅ።

"በባዶ እግሯ?"

አቶ ደሞዜ አንዱን ጫማ አንሥተው ውስጡን አዩት፣ የጠፋ ዕቃ እንደሚፈልግ ሰው። ከዚያ ወደ ቦታው መለሱትና ማሰሪያቸውን ቀጠሉ።

"አንድ ሰው ይበቃል ማለት ነው እንግዲያ" አሉ፣ ቀና ሳይሉ።

እናቴ የተመለሰች ለት ጣቶቿ ተዘርግተው ነበር። ገና እንደ ገባች የዩኒፎርሜን ቁልፍ ከላይ እስከ ታች ቆለፈችልኝ፤ ፈታችውና እንደገና ቆለፈችልኝ። "አየሽ? አየሽ ሙሉ?" ትላለች። እንደዚያ ስትስቅ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየኋትም። እትዬ ጥሩወርቅ ፌስታሉን ይዘው የገቡት በዚህ መሃል ነው፤ አቶ ደሞዜ ያሉትን ነገሯት።

የተባባሉትን ሁሉ ሰምቻለሁ፤ አንዱም አልገባኝም።

"ፋሲል ሰዓት ይዞብኝ ነበር ዘነበች።"

"የሚመጣብኝን እያወቅሽው?"

"ቀስ ብዬ ነበር የጀመርኩት። እመብርሃን ታውቃለች።"

"እና?"

"ሳቁብኝ።"

እናቴ ፌስታሉን ተቀበለቻቸው፤ ደጅ ወጥታ ጫማዋን በአጥሩ ላይ አሻግራ ወረወረችው። በማግሥቱ ጭቃ በጭድ አቦካችና በዚያ በዳነው ጣቷ የግድግዳውን ቀዳዳ ደፈነችው። አሳምራ ነው የደፈነችው፤ ዛሬም ቦታውን ፈልጌ አላገኘውም።

የእናቴ የሥራ መደብ ታጠፈ። ከዚያ ወዲያ ከእብናት የሚመጣ እህል ለነጋዴዎች እየለቀመች ነው ያሳደገችኝ። እኔም ከዐሥረኛ አላለፍኩም፤ ጭንቅላቴ ነው እንዳልል ጭንቅላቴ ደኅና ነበር። እትዬ ጥሩወርቅ ጡረታ እስኪወጡ ሠሩ። በየበዓሉ በራችን ላይ ድፎ ዳቦ ያስቀምጣሉ፤ እናቴ መልሳ በራቸው ላይ ታስቀምጠዋለች። ዳቦው ሲመላለስ ይደርቃል። ሃያ ምናምን ዓመት እንዲህ ኖሩ፣ ግድግዳው አንድ ሆኖ።

እኔ አሁን በዩኒቨርሲቲው መንገድ ላይ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሱቅ አለችኝ። አቋራጩን ማንም አላስተማረኝም፤ ያን ጊዜ የእትዬ ጥሩወርቅን ጣት ሳይ በዓይኔ ገብቶ ቀርቷል። ተማሪዎቹ "እትዬ ሙሉ ቶሎ በይልን" ይሉኛል፤ ቶሎ እላቸዋለሁ። ያተረፍሽውን ጊዜ የት አደረግሽው ብትሉኝ፣ ሌላ ተማሪ መጥቶ ይወስደዋል።

ባለፈው ዓመት ከግድግዳው ወዲያ የታይፕ ድምፅ ተጀመረ። መሥሪያ ቤቱ አሮጌ ታይፖቹን ሲያስወግድ እትዬ ጥሩወርቅ የእናቴን ለምነው ወስደውት ኖሯል። እያረጁ ሲሄዱ ሐሳባቸው ተበተነ፤ ሰው መለየት ተዉ፤ ታይፑን ግን አልተዉም። እናቴ ያኔ አልጋ ላይ ነበረች። አንድ ከሰዓት በኋላ ጆሮዋን ጣል አድርጋ ሰማችና፣ "ወረቀት አልገባበትም" አለች።

"እንዴት አወቅሽ?"

"ወረቀት ያለበት ታይፕ ድምፁ ለስለስ ይላል። ይኼ ጎማውን ነው የሚመታው።"

ከዚያ የወንዛዬውን፣ የጫማውን፣ የባዶ ታይፑን ነገር ሁሉ ነገረችኝ። እኔ ያልገባኝን ሁሉ እሷ ስታውቀው ኖራለች።

"ታዲያ ለአንቺ ብለው አይደል እንዴ ያደረጉት?"

"ለእኔ ብላ ነው።"

"ታዲያ?"

"አንድ ቀን፣ ሙሉ። አንድ ቀን ሰነፍ ብትባል ምን ነበረበት?" አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ታኅሣሥ ላይ ቀበርናት። እትዬ ጥሩወርቅን ለቅሶው ላይ አምጥተዋቸው ነበር፤ ማን ሞተ ብለው ጠይቀው ሳይነግሯቸው ተመለሱ።

ከተዝካሩ በኋላ ዳቦ ይዤላቸው ገባሁ። አንድ ሁለት የምናገረው መራራ ነገር አዘጋጅቼ ነበር። ታይፑ ፊት ተቀምጠው ይቀጠቅጣሉ።

"ማነሽ?"

"ሙሉ ነኝ። የዘነበች ልጅ።"

እጃቸው አልቆመም። "እናትሽ ከወንዛዬ መጣች?"

ያዘጋጀሁት ነገር ከአፌ ጠፋ። "መጥታለች" አልኳቸው።

"እጇስ?"

"ድኗል።"

"እሰይ! በይ ንገሪያት፤ አትቸኩል በያት። ቀስ ብላ ትምጣ፤ እኔ እዚህ አለሁ።" ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ስትወጪ ጫማዋን እንዳታነሺው። ደሞዜ ያያል።"

ጫማዬን አውልቄ ስገባ ልብ አላልኩትም ነበር። ከደጃፉ ላይ፣ ከቡናማ ጫማቸው ጎን፣ እናቴ በአጥር የወረወረችው ጥቁር ጫማ ተሰልፏል፤ ቀለም ተቀብቶ ያበራል። የራሴን አጥልቄ ወጣሁ። ያንን አልነካሁትም። ከኋላዬ ታይፑ ጢንግ አለና እንደገና ጀመረ።